ከሻጋታው ሳህን እስከ መድኃኒት ፍተሻ፦ የሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የሕይወት ታሪክ

ስኮትላንዳዊው ሐኪምና የባክቴሪያ ተመራማሪ ሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በአብዛኛው የሚታወሱት በላቦራቶሪ ሳህን ላይ በአጋጣሚ በበቀለ ሻጋታ ምክንያት ፔኒሲሊንን በማግኘታቸው ነው። ይሁንና ለሕክምናው ዓለም ያበረከቱት መድኃኒቱን ብቻ አይደለም። አንድ መድኃኒት የትኛውን ባክቴሪያ እንደሚገታ፣ የትኛውን እንደማይነካና በምን ያህል መጠን እንደሚሠራ በላቦራቶሪ የማረጋገጡ አሠራር እንዲጎለብትም የጎላ ድርሻ ነበራቸው።

ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1881 በስኮትላንድ ዳርቬል ከተማ አቅራቢያ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው ያረፉት እርሳቸው የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ ነበር። በወጣትነታቸው ወደ ለንደን አቅንተው በአንድ የመርከብ ድርጅት ቢሮ ለአራት ዓመታት በጸሐፊነት ሠሩ። ከአጎታቸው በወረሱት ገንዘብ በመታገዝ እ.ኤ.አ. በ1901 በቅድስት ማርያም ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1906 በሐኪምነት ብቁ ሆነው በዚያው ሆስፒታል በሰር አልምሮት ራይት ይመራ በነበረው የክትባት ክፍል ተቀጠሩ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በፈረንሳይ ቡሎኝ በሚገኝ የጦር ሆስፒታል ላቦራቶሪ አገልግለዋል። በዚያም በርካታ ወታደሮች ቁስላቸው አመርቅዞ ሲሞቱ ተመለከቱ። በቁስሉ ላይ ይፈስ የነበረው ጸረ-ጀርም ኬሚካል በጥልቅ ቁስል ውስጥ የተደበቀውን ባክቴሪያ ሳይደርስበት በሽታን የሚከላከለውን ነጭ የደም ሕዋስ እንደሚጎዳ በሙከራ አሳዩ። ባክቴሪያን የሚገታ፣ የሰውን ሕዋስ ግን የማይጎዳ ነገር መፈለግ ከዚያ በኋላ የምርምራቸው ማዕከል ሆነ።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1928 ከእረፍት ሲመለሱ ስታፊሎኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ ካራቡባቸው ሳህኖች በአንዱ ላይ ሻጋታ በቅሎ፣ በሻጋታው ዙሪያ የነበረው ባክቴሪያ ደግሞ ጠፍቶ አገኙት። ፍሌሚንግ ይህን በማየት ብቻ አልተወሰኑም። በሳህኑ ውስጥ በረጋው የባክቴሪያ ማሳደጊያ ላይ ቀጭን ቦይ ቀደው የሻጋታውን ፈሳሽ የተቀላቀለበት ማሳደጊያ ሞሉበት፤ ከቦዩም ልዩ ልዩ የባክቴሪያ ዓይነቶችን በመስመር በመስመር ዘሩ። ፈሳሹ የሚገታቸው ከቦዩ ርቀው ሲቆሙ፣ የማይገታቸው እስከ ቦዩ ጠርዝ ድረስ አደጉ። በዚህ ዘዴ የሳንባ ምች፣ የጨብጥና የዲፍቴሪያ መንስኤዎች በፔኒሲሊን እንደሚገቱ፣ የታይፎይድ መንስኤና መሰሎቹ ግን እንደማይገቱ ለዩ። ፈሳሹን ደረጃ በደረጃ በማቅጠንም እስከ 800 እጥፍ ቀጥኖ እንኳ ስታፊሎኮከስን እንደሚገታ አረጋገጡ። ውጤቱ በ1929 ታተመ።

ይሁን እንጂ ፔኒሲሊንን አጣርቶ በብዛት ማምረት ለፍሌሚንግ አልተቻላቸውም። ይህን ከ1939 ጀምሮ ያሳኩት በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድ ፍሎሪ፣ ኧርነስት ቼይንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ1942 በማጅራት ገትር የታመመ አንድ ሰው በቅድስት ማርያም ሆስፒታል ለሞት ተቃርቦ ነበር። ፍሌሚንግ ከታማሚው የተገኘውን ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ፈትሸው በፔኒሲሊን እንደሚገታ አረጋገጡ፤ ከዚያም መድኃኒቱን ከፍሎሪ ጠይቀው ሰጡት። በሕክምናው ሂደት የታማሚው ደምና የአከርካሪ ፈሳሽ ባክቴሪያውን የመግታት አቅም እየተለካ ቆይቶ ሰውየው ዳነ።

ፍሌሚንግ በ1944 የሰርነት ማዕረግ ተቀበሉ፤ በ1945ም ከፍሎሪና ከቼይን ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። በሽልማቱ ወቅት ባቀረቡት ንግግር መድኃኒቱን ከሚገባው መጠን በታች መውሰድ ባክቴሪያውን ሳይገድል ከመድኃኒቱ ጋር እንደሚያላምደው አስጠነቀቁ። ማስጠንቀቂያው ብዙም ሳይቆይ እውን ሆነ፤ አሥርተ ዓመቱ ሳይጠናቀቅ ፔኒሲሊን የማይበግረው ስታፊሎኮከስ በሆስፒታሎች ውስጥ መሠራጨት ጀመረ። ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 1955 በ73 ዓመታቸው በልብ ሕመም አርፈው በለንደን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀብረዋል።

እርሳቸው የተጠቀሙባቸው ሁለቱ መንገዶች ዛሬም በተሻሻለ መልክ ያገለግላሉ። ማቅጠኑ የባክቴሪያውን እድገት ለመግታት የሚበቃው አነስተኛ የመድኃኒት መጠን የሚለይበት ሆኗል። የቦዩን ቦታ ደግሞ የታወቀ መጠን ያለው መድኃኒት የያዙ ክብ የወረቀት ቁራጮች ተክተዋል። ባወርና ኪርቢ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1966 ወጥ ባደረጉት በዚህ ዘዴ ባክቴሪያው ሳያድግ የቀረበት ክብ ስፋት በሚሊሜትር ተለክቶ ከተዘጋጀ ሠንጠረዥ ጋር ይነጻጸራል። የሁለት የተለያዩ መድኃኒቶችን ክብ ብቻ በማነጻጸር ሰፊው ይበልጣል ማለት አይቻልም፤ እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱ መለኪያ አለውና። የባክቴሪያው ብዛት፣ የማሳደጊያው ውፍረት ወይም የሙቀቱ መጠን ከተዛባ ውጤቱም ይዛባል። በመሆኑም ላቦራቶሪው ባሕርዩ አስቀድሞ በታወቀ ባክቴሪያ ሥራውን በየጊዜው መፈተሽ ይጠበቅበታል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ከመድኃኒት ጋር በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በዓለም 1 ነጥብ 27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ለሞት እንደተዳረጉ ጥናት ገምቷል። የፍሌሚንግ ሕይወት እንደሚያስረዳው መድኃኒት ማግኘትና መግዛት የሥራው ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ መድኃኒቱ በታማሚው ላይ ለሠፈረው ባክቴሪያ የሚሠራ መሆኑን ማወቅና በሚገባው መጠን መስጠት ሲሆን፣ ይህም የተሟላ ላቦራቶሪና የሠለጠነ ባለሙያ የሚጠይቅ ነው።