የእንግዳው የአባ አብርሃም ታሪክ

በቀድሞ ዘመን በቆሰበርና በአገው ምድር የሚያልፍ መንገደኛ ሲመሽበት ከሰው ደጅ ቆሞ የእግዚአብሔር እንግዳ መሆኑን ይናገር ነበር። ባለቤቱም ቤት የእግዚአብሔር ነው ብሎ ያስገባዋል፤ ያለውንም አብልቶ ያሳድረዋል። እንግዳን መቀበል ምን ያህል ፍሬ እንደሚያፈራ የአባ አብርሃም ታሪክ ያስተምራል።

አባ አብርሃም በፈረንጅ አቈጣጠር በ1750 ዓመተ ምሕረት ገደማ በጎጃም ተወለዱ። በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ አቡ ሩሚ ይባላሉ። በጐልማሳነታቸው አገራቸውን ትተው ወደ ሩቅ አገር ሄዱ። በዚያ ዘመን መኪናም ብስክሌትም አልነበረም። መንገደኛ በእግሩ፥ በበቅሎ፥ በግመልና በመርከብ ይሄድ ነበር፤ ስንቁ ባለቀ ጊዜም ተስፋው የማያውቀው ሰው ደግነት ነበረ። አባ አብርሃም ግብፅን፥ ኢየሩሳሌምን፥ ሶርያንና ፋርስን አይተው እስከ ህንድ ደረሱ።

በህንድም በካልካታ ከተማ ዊልያም ጆንስ የሚባል እንግሊዛዊ ዳኛ ነበረ። ይህ ሊቅ እንግዳውን በደስታ ተቀበለ። አባ አብርሃምም ስለ ጎንደር ከተማና ከቆሰበር ብዙ ሳይርቅ በሰከላ ስለሚፈልቀው ስለ ዓባይ ምንጭ ነገሩት። እርሱም የሰማውን ጽፎ በ1788 አሳተመ። ወርቅ የሌለው እንግዳ ዕውቀቱን ሰጥቶ ውለታ ይመልሳል።

አባ አብርሃም ከሸመገሉ በኋላ ወደ ካይሮ መጡ፤ በዚያም ጽኑ ሕመም ያዛቸው። ዘመድ በሌለበት አገር መታመም እጅግ ያስጨንቃል። ነገር ግን በፈረንሳይ ቆንስላ የሚያገለግል አስለን ደ ሸርቪል የሚባል ሰው ራራላቸው፤ አስታመማቸው፤ ዳኑም።

በዚያን ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በግዕዝ እንጂ በአማርኛ ተጽፎ አልነበረም። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች ወደ አማርኛ የመተርጐምን ሥራ ጀመሩ። ዐሥር ዓመት ሙሉ፥ ማክሰኞና ቅዳሜ፥ ደጃቸውን ዘግተው በትዕግሥት ሠሩ። በ1818 ሥራው ተፈጸመ፤ ገጹም 9,539 ሆነ።

ከዚህ በኋላ ብዙም ሳይቈይ አባ አብርሃም በወረርሽኝ በሽታ ሞቱ። በ1820 ዊልያም ጆዌት የተባለ ሰው ጽሑፉን ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። አራቱ ወንጌላት በ1824፥ አዲስ ኪዳን በ1829፥ መጽሐፉ በሙሉ በ1840 ታተመ።

አባ አብርሃም የደከሙበትን መጽሐፍ ታትሞ አላዩትም። ይሁን እንጂ ብዙ ሰዎች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አነበቡት። ያ በሽተኛ እንግዳ በካይሮ የሚያስታምመው አጥቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ሥራ ከእርሱ ጋር በተቀበረ ነበር።

ልጆች ሆይ፥ እንግዳን የለበሰውን አይታችሁ አትናቁ፤ በልቡ ያለውን አታውቁምና። እናንተም በሰው ቤት ባደራችሁ ጊዜ ውለታ አትርሱ። ገንዘብ ባይኖራችሁ በሥራችሁና በዕውቀታችሁ መልሱ።