ክኑት ሮክኒ፦ በኖትር ዳም የኖረ አሠልጣኝ (1888–1931)

የስፖርት አሠልጣኝ ሕይወት በመንፈሳዊ መጽሔት ገጾች ላይ ብዙ ጊዜ አይቀርብም። የክኑት ሮክኒን ታሪክ ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ለማቅረብ የወደድነው ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገባው በ37 ዓመቱ ስለሆነ፣ ከገባም በኋላ ወዲያው ስለተፈተነ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮክኒ በኖርዌይ አገር ቮስ በተባለ ስፍራ ማርች 4 ቀን 1888 ከሉተራውያን ቤተሰብ ተወለደ። ሠረገላ ሠሪ የነበረው አባቱ በ1893 በሺካጎ ለተከፈተው የዓለም ኤግዚቢሽን ወደ አሜሪካ ቀድሞ ተሻገረ፤ እናቱም ልጆቿን ይዛ ተከተለች። ክኑት ያን ጊዜ የ5 ዓመት ሕፃን ነበር። ካደገ በኋላ በሺካጎ ፖስታ ቤት ተቀጥሮ ለትምህርት የሚሆነውን ገንዘብ አጠራቀመ። በ1910፣ ሌሎች ኮሌጅ ጨርሰው በሚወጡበት በ22 ዓመቱ፣ በኢንዲያና ወደሚገኘው ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ገባ። የዩኒቨርሲቲው ስም በፈረንሳይኛ እመቤታችን ማለት ነው፤ ያቋቋሙትም የቅዱስ መስቀል ማኅበር ካህናት ናቸው።

አሜሪካውያን እግር ኳስ የሚሉት ጨዋታ ከእኛው ኳስ ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ኳሱን በእጅ ይዘው እየተጋፉ ወደ ባላጋራ መስመር ያደርሱታል። ኳሱን ወደፊት መወርወር የተፈቀደው በ1906 ቢሆንም ብዙዎቹ ቡድኖች በጉልበት መግፋቱን አልተዉም ነበር። በ1913 ክረምት ሮክኒና ጓደኛው ገስ ዶራይስ በኤሪ ሐይቅ ዳር ሥራ ይዘው ሳለ በትርፍ ጊዜያቸው መወርወርንና መቅለብን ተለማመዱ። በኖቬምበር 1 ቀን ያ ብዙም የማይታወቅ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ብርቱውን የዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ ቡድን 35 ለ13 አሸነፈ።

በ1914 ትምህርቱን በከፍተኛ ማዕረግ ሲፈጽም ሁለት መንገድ ተከፈተለት። በአንድ ወገን፣ ምርምራቸው በኋላ ለሰው ሠራሽ ጎማ መገኘት መሠረት የሆነው አባ ጁልየስ ኒውላንድ በሚያስተምሩበት የኬሚስትሪ ክፍል ረዳት ሆነ፤ በሌላው ወገን የአሠልጣኙ የጄሲ ሃርፐር ምክትል ሆኖ ሠራ። ሃርፐር በ1918 ሥራውን ሲለቅ ቡድኑ በሮክኒ እጅ ገባ፤ ቤተ ሙከራውም ቀረ። በ13 ዓመታት ውስጥ ቡድኑ 122 ጊዜ ተጋጥሞ 105 ጊዜ አሸነፈ፤ 12 ጊዜ ተሸነፈ፤ 5 ጊዜ አቻ ወጣ።

ይህ ቁጥር ለካቶሊካውያን ምን እንደነበረ ለመረዳት ዘመኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ጥቁሮችን፣ አይሁድንና ካቶሊካውያንን የሚጠላው ኩ ክሉክስ ክላን የተባለው ማኅበር በ1920ዎቹ መጀመሪያ ኢንዲያናን ሞልቶት ነበር፤ በሜይ 1924 የማኅበሩ አባላት ሳውዝ ቤንድ ከተማ ሲሰበሰቡ ከኖትር ዳም ተማሪዎች ጋር ተጋጭተዋል። በዚያው ዓመት የሮክኒ ቡድን ምንም ሳይሸነፍ ዘለቀ፤ በጃንዋሪ 1 ቀን 1925 ስታንፎርድን 27 ለ10 በማሸነፍ ዓመቱን ፈጸመ። የአየርላንድ፣ የኢጣሊያና የፖላንድ ስደተኞች፣ ኮሌጅን በደጁ እንኳ አልፈው የማያውቁት ሁሉ፣ ድሉን እንደ ራሳቸው ድል ቆጠሩት።

የሚደንቀው፣ ያን ጊዜ አሠልጣኙ ገና ካቶሊክ አልነበረም። በካህናቱ መካከል 15 ዓመት ኖሯል፤ ልጆቹም በካቶሊክ እምነት ያድጉ ነበር። ሲነገር እንደቆየው ልቡን የነካው ስብከት ሳይሆን፣ ተጫዋቾቹ በግጥሚያ ቀን ከእንቅልፋቸው በማለዳ ተነሥተው ለመቊረብ ወደ ቅዳሴ ሲሄዱ ማየቱ ነው። ኖቬምበር 20 ቀን 1925 በዩኒቨርሲቲው ግቢ ከግንድ በተሠራችው ትንሽ ጸሎት ቤት ተጠመቀ። ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህ ክፍል ከድሎቹ ሁሉ ይልቅ የሚጠቅም ይመስለናል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን የኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጠራው፤ ሮክኒም በኖትር ዳም ያለው ውል ሳያልቅ ከኮሎምቢያ ጋር ተፈራረመ። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ አፈረ፤ የኖትር ዳም ፕሬዚዳንት አባ ማቴዎስ ዎልሽ እንዲሄድ ከፈለገ እንደማይከለክሉት ቢገልጹም፣ እርሱ ኮሎምቢያን ትቶ ቀረ። ከዚያም በኋላ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ሳይጠሩት አልቀሩም፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ግን ከኖትር ዳም አልወጣም።

ሌላም ጉድለት ነበረበት፤ ልንሸፍነው አንወድም። ተጫዋቾቹን ለማነሣሣት እውነትን አንዳንድ ጊዜ ይሠዋ ነበር። በ1922 ከጆርጂያ ቴክ ጋር ከመጋጠማቸው በፊት ትንሹ ልጁ በጠና መታመሙን የሚገልጽ ቴሌግራም አነበበላቸው፤ ድል አድርገው ሲመለሱ ሕፃኑ በጤና እየሮጠ ተቀበላቸው። በ1928 ከወታደራዊ አካዳሚው ጋር በተደረገው ግጥሚያ፣ በ1920 በ25 ዓመቱ የሞተው ዝነኛ ተጫዋቹ ጆርጅ ጊፕ በሞት አልጋው ላይ አደራ እንደሰጠው ለቡድኑ ነገራቸው፤ 12 ለ6 አሸነፉ። ጊፕ እንዲህ ማለቱን ከሮክኒ በቀር የመሰከረ የለም። ታሪኩ በስብከት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ እኛ ግን በጥንቃቄ እንዲያዝ እንመክራለን።

በ1929 የእግሩ የደም ሥር ታመመ። ሐኪሞች ዕረፍት ቢያዙለትም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቡድኑን ይመራ ነበር፤ አዲሱ ስታዲየም በመሠራት ላይ ስለነበረ በዚያ ዓመት አንድም ግጥሚያ በግቢያቸው አልተደረገም። በዚያም ዓመት፣ ስታዲየሙ በተከፈተበት በ1930ም አልተሸነፉም።

ማርች 31 ቀን 1931፣ በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ፣ ስለ ኖትር ዳም በሚሠራ ፊልም ጉዳይ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲበር አውሮፕላኑ በካንሳስ ባዛር በተባለች መንደር አጠገብ ወደቀ። የተሳፈሩት 8 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። የክንፉ እንጨት ከውስጥ ተዳክሞ ነበር፤ የሕዝቡ ቁጣ መንግሥት በእንጨት ክንፍ አውሮፕላኖች ላይ ምርመራ እንዲያጠብቅ አስገደደ፤ ኩባንያዎችም ሙሉ በሙሉ ከብረት ወደሚሠሩ አውሮፕላኖች ፈጥነው ዞሩ።

ሥርዓተ ቀብሩ ኤፕሪል 4፣ በቀዳም ስዑር ዕለት፣ በዩኒቨርሲቲው የኢየሱስ ቅዱስ ልብ ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ። የኖርዌይ ንጉሥ ወኪላቸውን ላኩ፤ ስብከቱን የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አባ ቻርልስ ኦዶኔል ሲያሰሙ በሬዲዮ በመላው አገር ተሰማ። ሬሳውን የተሸከሙት በመጨረሻው ዓመት ያሠለጠናቸው ተጫዋቾች ነበሩ።