በሐተታ ውስጥ የቆየ ግኝት፦ ኢብን አል-ነፊስ እና የመካከለኛው ዘመን የሰው አካል ዕውቀት

በመካከለኛው ዘመን ከባግዳድ እስከ ፓሪስ ድረስ የተማረ ሐኪም ሁሉ ደም የሚመነጨው ከጉበት እንደሆነ ያምን ነበር። ይህን ትምህርት በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መልክ ያስያዘው የጴርጋሞን ተወላጁ ግሪካዊ ሐኪም ጋለን ነው። እንደ ትምህርቱ ምግብ በሆድ ከተፈጨ በኋላ ወደ ጉበት ሄዶ ደም ይሆናል፤ ደሙም በደም መልስ ሥሮች ወደየብልቱ ይፈስሳል፤ ብልቶቹ ይመገቡታል እንጂ ተመልሶ አይመጣም። ከዚሁ ደም ጥቂቱ ወደ ቀኙ የልብ ክፍል ገብቶ፣ ሁለቱን ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ባሉ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች አማካይነት ወደ ግራው ይሾልካል። እዚያም ከሳንባ ከመጣው አየር ጋር ተዋሕዶ ለአካል ሙቀትንና ሕይወትን የሚሰጠውን መንፈስ ያስገኛል። ጤና የደም፣ የአክታ፣ የቢጫ ሐሞትና የጥቁር ሐሞት መመጣጠን ሲሆን፣ ሕመም ደግሞ የእነዚህ መዛባት ነው።

ይህ ሥርዓት የዋህ ግምት አልነበረም። ምግብን፣ ትንፋሽን፣ የልብ ትርታን፣ ትኩሳትንና ሞትን በአንድ ማሰሪያ ያያያዘ ስለነበር ከመካከሉ አንዱን ክር መምዘዝ ቀላል አልሆነም። ያንን ክር ከመዘዙት መካከል በጽሑፍ ማስረጃ ቀዳሚው የደማስቆ ሰው ዓላእ አል-ዲን ዓሊ ኢብን አቢ አል-ሐዝም አል-ቁረሺ፣ በተለምዶ ስሙ ኢብን አል-ነፊስ ነው።

ኢብን አል-ነፊስ በ1213 ገደማ በደማስቆ ወይም በአቅራቢያዋ እንደተወለደ ይታመናል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕክምናን የተማረው ኑር አል-ዲን ባሠራው የደማስቆ ሆስፒታል ያስተምር በነበረው በታዋቂው መምህር አል-ደኽዋር ሥር ነው። በዘመኑ ቢማሪስታን ይባል የነበረው ሆስፒታል ሕሙማን የሚታከሙበት ብቻ ሳይሆን የሕክምና መጻሕፍት የሚነበቡበትና ክርክር የሚካሄድበት ቦታ ነበር። ከአል-ደኽዋር ደቀ መዛሙርት አንዱ ኢብን አቢ ኡሰይቢዓ ሲሆን፣ ይህ ሰው የሐኪሞችን የሕይወት ታሪክ የያዘ ትልቅ መጽሐፍ ጽፏል። በሰፊው በታወቀው የመጽሐፉ ቅጂ ውስጥ ግን ስለ ኢብን አል-ነፊስ አንድም ቃል የለም። ምክንያቱ ቅናት ይሁን ጠብ ወይም ሌላ ነገር ብዙ ተብሏል፤ ከዝምታ ብቻ ተነሥቶ መፍረድ ግን አይቻልም።

ኢብን አል-ነፊስ ወደ ካይሮ ተሻግሮ ቀሪ ዕድሜውን በዚያ አሳለፈ። በማምሉኮች ዘመን የሐኪሞች አለቃ እስከ መሆን እንደደረሰ ይነገራል። ሆኖም ሐኪም ብቻ አልነበረም። በመስሩሪያ መድረሳ የሻፊዒን ፊቅህ ያስተምር ነበር፤ በሐዲስ፣ በሰዋስውና በሥነ አመክንዮም ጽፏል። የሕይወት ታሪኩን የመዘገቡ ጸሐፊዎች ስለ አጻጻፉ የሚተርኩት ነገር አለ። ሊጽፍ ሲያስብ የተቀረጹ ብዕሮች ይቀርቡለታል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ መጽሐፍ ሳያገላብጥ ይጽፋል፤ ብዕሩ ሲዶለዱም ለመቅረጽ ጊዜ እንዳያባክን ጥሎት ሌላ ያነሣል። አንድ ቀን ሲታጠብ ሳለ ከመታጠቢያው ወጥቶ ወረቀትና ቀለም አስመጥቶ ስለ ልብ ትርታ ድርሰት እንደጻፈና ጨርሶ ወደ መታጠቢያው እንደተመለሰም ይተረካል። በእነዚህ ወጎች ውስጥ ማጋነን ሊኖር ይችላል፤ ያም ሆኖ አል-ሻሚል የተባለውን የሕክምና መድበል በ300 ቅጽ አቅዶ ሲሞት 80ውን አጠናቆ ነበር የሚለው ዘገባ ከሥራው ስፋት ጋር የሚጣጣም ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ሥራው ግን ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ፣ ምናልባትም ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው፣ በ1242 ገደማ የጻፈው ነው። ኢብን ሲና በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያዘጋጀው አል-ቃኑን የሐኪሞች ሁሉ መማሪያ ነበር። ስለ አካል አሠራር የሚናገሩት የቃኑን ክፍሎች በተለያዩ መጻሕፍት ተበታትነው ስለነበር ኢብን አል-ነፊስ እነርሱን በአንድነት ሰብስቦ ሐተታ ጻፈባቸው። የሐተታ ሥርዓት በአንድምታ ትርጓሜ ለሠለጠነ አንባቢ እንግዳ አይሆንም፦ ንባቡ ይቀመጣል፤ ይፈታል፤ የቀደሙት መምህራን ሐሳብ ይቀርባል፤ ቀጥሎ ተርጓሚው የራሱን ያክላል። ልዩነቱ ኢብን አል-ነፊስ በሚያክልበት ቦታ የንባቡን ጌታ ለማረም አለማመንታቱ ነው።

ኢብን ሲና ልብ ሦስት ክፍሎች አሉት ያለውን ሁለት ብቻ ናቸው ሲል አረመ። ቀጥሎም በሁለቱ መካከል ያለው ግድግዳ ወፍራምና ድፍን እንደሆነ፣ የሚታይም ሆነ ጋለን እንዳለው የማይታይ ቀዳዳ እንደሌለው ጻፈ። እንግዲህ ደም ወደ ግራው ክፍል የሚደርሰው በየት ነው? መልሱ በሳንባ በኩል የሚል ነበር፦ ደም ከቀኙ ክፍል ወደ ሳንባ በሚወስደው ሥር ወጥቶ በሳንባው አካል ውስጥ ይሰራጫል፤ ከአየር ጋር ይዋሐዳል፤ ከዚያም ከሳንባ ወደ ልብ በሚመልሰው ሥር ወደ ግራው ክፍል ይገባል። በሁለቱ ሥሮች መካከልም ረቂቅ መተላለፊያ ሊኖር እንደሚገባ አመለከተ። እነዚህን ቀጫጭን የደም ሥሮች ጣሊያናዊው ማልፒጊ በማይክሮስኮፕ ያያቸው በ1661 ነው። ልብ የሚመገበው በገዛ አካሉ ውስጥ በተዘረጉ ሥሮች እንጂ በቀኙ ክፍል ውስጥ ካለው ደም እንዳልሆነም በዚሁ ሐተታ ገልጿል።

ይህን እንዴት ሊያውቅ ቻለ? እርሱ ራሱ በመጽሐፉ መግቢያ ሸሪዓውና ተፈጥሯዊ ርኅራኄው ከአስከሬን ምርመራ እንዳገዱት፣ ስለ ብልቶች ቅርጽም በቀደሙት፣ በተለይም በጋለን ጽሑፎች እንደሚመካ አስታውቋል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ቃሉን እንደ ጥንቃቄ ብቻ ቆጥረው በስውር ሳይመረምር አልቀረም ይላሉ። ይህ ግምት ለኢብን አል-ነፊስ የዛሬን የላቦራቶሪ ሳይንቲስት ልብስ የማልበስ ዝንባሌ ይታይበታል። መከራከሪያው ሲነበብ በአብዛኛው አመክንዮ ነው፦ እያንዳንዱ ብልት ጥቅም አለው፤ ወደ ሳንባ የሚሄደው ሥር ወፍራም ሆኖ ከሳንባ የሚመለሰው ሥስ የሆነው ያለ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ናህያን ፋንሲ በ2013 ባሳተመው ጥናት ደግሞ ጉዳዩን ከሥነ መለኮት ጋር ያያይዘዋል። ኢብን አል-ነፊስ ነፍስ በልብ ብቻ ሳትወሰን ከመላው አካል ጋር የተሳሰረች መሆኗን ያምን ስለነበር፣ ደምና አየር ተዋሕደው መንፈስ የሚሆኑበትን መንገድ እንደ አዲስ ማሰብ ግድ ሆኖበታል የሚል ነው። አል-ሪሳላ አል-ካሚሊያ የተባለው ድርሰቱ፣ በደሴት ላይ ያለ ወላጅ ተገኝቶ እውነትን በራሱ አእምሮ የሚደርስበትን ሰው ታሪክ በመተረክ፣ ስለ ሥጋ ትንሣኤ መከራከሩ ይህን አስተያየት ያጠናክረዋል።

ይሁንና ግኝቱን ከልኩ አሳልፎ መመዘን ስሕተት ነው። ኢብን አል-ነፊስ ደም በመላው አካል እንደሚዘዋወር አላስተማረም፤ ያንን ያስረዳው በ1628 እንግሊዛዊው ሃርቬይ ነው። ለኢብን አል-ነፊስ ደም አሁንም ከጉበት ይመነጫል፤ በየብልቱም ያልቃል። በሕክምና አሰጣጡም የተለወጠ ነገር አይታይም። መድኃኒት ከማዘዝ በፊት ምግብን ማስተካከልን፣ ከድብልቅ መድኃኒትም ነጠላውን እንደሚመርጥ ተመዝግቧል፤ ይህ ደግሞ የዘመኑ ጥንቁቅ ሐኪም ሁሉ ፈሊጥ ነበር።

ግኝቱ ለምን አልተስፋፋም የሚለው ጥያቄ ከመጽሐፉ ዓይነት ጋር የተያያዘ ነው። ሐተታ የሚነበበው አስቀድሞ ንባቡን ለያዘ ሰው ነው። ኢብን አል-ነፊስን በየአገሩ ያስጠራው በስሙ የሚታወቀው አል-ሙጀዝ፣ ማለትም የቃኑን አጭር ማጠቃለያ ሲሆን፣ ይህ መጽሐፍ ስለ አካል አሠራር የሚናገረውን ክፍል ጨርሶ ትቶታል። ተማሪዎች ለዘመናት በመጽሐፉ እየተማሩ ትልቁን ሐሳቡን ሳያገኙት ኖሩ ማለት ነው። ፈጽሞ ተረስቶ ነበር ማለት ግን አይደለም፤ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቃኑንን ያብራሩ ጥቂት ሊቃውንት ሐሳቡን ያውቁት ነበር። በአውሮፓ ሰርቬቱስ በ1553፣ ኮሎምቦ በ1559 ስለ ደም በሳንባ ማለፍ ሲጽፉ ከእርሱ ቀድተው እንደሆነ እስካሁን ያከራክራል። ብዙ ዓመታት በደማስቆ የኖረው ጣሊያናዊው አልፓጎ ከኢብን አል-ነፊስ ሐተታ ወደ ላቲን የተረጎመው በ1547 በቬኒስ ታትሟል፤ የታተመው ግን ስለ ድብልቅ መድኃኒቶች የሚናገረው ክፍል ነው።

ኢብን አል-ነፊስ በታኅሣሥ 1288 ካይሮ ውስጥ ታመመ። ባልንጀሮቹ የሆኑ ሐኪሞች ወይን እንዲጠጣ መከሩት፤ በሕክምናው ሥርዓት ምክሩ ትክክል ነበር። እርሱ ግን ወይን በሆዱ ይዞ በፈጣሪው ፊት መቅረብን አልወደደም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲሞት ቤቱንና መጻሕፍቱን ሱልጣን ቀላውን ከአራት ዓመት በፊት ላሠራው ለመንሱሪ ሆስፒታል በወቅፍ ሰጠ።

ሐተታው ወደ ዘመናዊ ምርምር የተመለሰው በአንድ ተማሪ እጅ ነው። ግብፃዊው ሐኪም ሙህዪ አል-ዲን አል-ተጣዊ በርሊን ውስጥ የነበረውን የዐረብኛ የእጅ ጽሑፍ አንብቦ በ1924 ለፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። መምህራኑ ዐረብኛ ስለማያውቁና የቀረበው ነገር ለማመን ስለከበዳቸው፣ ጽሑፉን ካይሮ ይኖር ለነበረው ጀርመናዊ ሐኪምና የሕክምና ታሪክ ተመራማሪ ለማክስ ማየርሆፍ ላኩት። ማየርሆፍ ከምንጩ ጋር አስተያይቶ የተማሪው ንባብ ትክክል መሆኑን አረጋገጠ፤ በ1930ዎቹም ክፍሉን ከነትርጉሙ አሳተመው።