የፒያኖ አባት ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ

ስለ ታላላቅ ሰዎች ታሪክ በምናነብበት ጊዜ የነገሥታትና የጦር አለቆች ስም ይበዛል። በመዶሻና በመጋዝ ዓለምን ያገለገሉ ባለ እጆች ግን እምብዛም አይነሡም። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን የአንድ ባለ እጅ ሕይወት በአጭሩ ለመጻፍ አሰብሁ። ይኸውም ፒያኖን የፈለሰፈው ኢጣልያዊ ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክሪስቶፎሪ በ1655 ፓዱዋ በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1688 ዕድሜው 33 ዓመት ገደማ ሲሆን፥ ሙዚቃ ወዳዱ የፍሎረንስ ልዑል ፈርዲናንዶ ደ ሜዲቺ የዜማ መሣሪያዎቹን እንዲጠግንለትና አዲስም እንዲሠራለት ጠራው። ክሪስቶፎሪ አገሩን ለቆ ለመሄድ በመጀመሪያ አልወደደም ነበር፤ ልዑሉ ግን አግባብቶ በወር 12 ስኩዲ ደመወዝ ቀጠረው። ፍሎረንስም በደረሰ ጊዜ ከመቶ ያህል ባለ እጆች ጋራ በአንድ ትልቅ አዳራሽ እንዲሠራ ተደረገ። በጆሮው ድምፅን መርምሮ ለሚሠራ ሰው ያ ሁሉ ጫጫታ ምን ያህል ፈተና እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም። እርሱም ቅር መሰኘቱን አልሸሸገም፤ በኋላ የራሱን የሥራ ቤት አገኘ።

በዚያ ዘመን በአውሮፓ ሁለት ባለ ቁልፍ የዜማ መሣሪያዎች የታወቁ ነበሩ። አንደኛው ሃርፕሲኮርድ ነው፤ ቁልፉ ሲነካ ከላባ ዘንግ የተቀረጸ ትንሽ መግረፊያ፥ ክራር እንደሚመታ ጣት፥ አውታሩን ይቆነጥረዋል። ነገር ግን ተጫዋቹ ቁልፉን ቀስ ብሎ ቢነካው ወይም በኃይል ቢጫነው የድምፁ መጠን ያው ነው። ሁለተኛው ክላቪኮርድ ለጣት ይታዘዛል፤ ሆኖም ድምፁ እጅግ ቀጭን ስለ ሆነ በአዳራሽ አይሰማም። ክሪስቶፎሪ የሁለቱን ጉድለት አይቶ እስከ 1700 ባለው ጊዜ ውስጥ አዲስ መሣሪያ ሠራ። ለስላሳና ብርቱ ድምፅ ስለሚያወጣ በኢጣልያንኛ ቋንቋ ፒያኖ እና ፎርቴ በሚሉት ቃላት ተገለጸ፤ ፒያኖ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

የመሣሪያው ብልሃት እንዲህ ነው። ቁልፉ ሲጫን ትንሽ መዶሻ ተወርውራ አውታሩን ትመታለች። ከበሮ የሚመታ ሰው እጁን ቶሎ ካላነሣ ድምፁ እንደሚታፈን፥ መዶሻዋም አውታሩ ላይ ከቀረች ድምፁ ይሞታል። ስለዚህ ክሪስቶፎሪ መዶሻዋን የምትገፋው እንጨት ከመምታቷ በፊት እንድትለቃትና መዶሻዋ ወዲያው እንድትመለስ አደረገ፤ ጣት ግን ገና ቁልፉ ላይ ነው። የጣት ጉዞ አጭርና ዝግ ያለ ስለ ሆነ፥ በፊዚክስ በምንማረው የማንሻ ሕግ ፍጥነቱ እንዲበዛ በመካከል ሌላ ማንሻ ጨመረበት። ጣት ቁልፉን ሲለቅ ደግሞ ማፈኛው ወርዶ አውታሩን ዝም ያሰኘዋል። የመዶሻዋን ራስ የሠራው ወረቀት ጠቅልሎ ቆዳ በማልበስ ነው።

ይሁን እንጂ ይህን የመሰለ ሥራ ወዲያው ምስጋና አላገኘም። በ1711 ሺፒዮኔ ማፌይ የተባለ ጸሐፊ ስለ መሣሪያው በጋዜጣ ጽፎ አንዳንዶች ድምፁ ደካማ ነው እያሉ ይነቅፉት እንደ ነበር ገለጸ። ልዑሉም በ1713 ሞተ። ክሪስቶፎሪ ግን ሥራውን አልተወም፤ በ1716 የቤተ መንግሥቱ የዜማ መሣሪያዎች ጠባቂ ሆነ። የማፌይ ጽሑፍ በ1725 በጀርመንኛ ታተመ፤ ከዚህ በኋላ ጎትፍሪድ ዚልበርማን የተባለ ጀርመናዊ በዚያው ብልሃት ፒያኖ መሥራት ጀመረ።

ክሪስቶፎሪ በ1729 በታመመ ጊዜ መጀመሪያ የሥራ ዕቃዎቹን ለደቀ መዝሙሩ ለጆቫኒ ፌሪኒ ተናዘዘ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ኑዛዜውን ለውጦ ሀብቱን ከሞላ ጐደል ላስታመሙት እኅትማማቾች ሰጠ፤ ለፌሪኒ የቀረው 5 ስኩዲ ብቻ ነው። በ1731 ዐረፈ። ከሞተም በኋላ ስሙ ተዘነጋ፤ በፈረንሳይ አገር ሰዎች የፒያኖ ፈልሳፊ ዚልበርማን ነው እስከ ማለት ደረሱ።

ነገር ግን ሥራው ምስክር ሆነለት። በ1720፣ በ1722 እና በ1726 የሠራቸው ሦስት ፒያኖዎች ዛሬ በኒውዮርክ፣ በሮማና በላይፕሲክ ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ። የ1726ቱ 49 ቁልፎች ብቻ አሉት፤ የዛሬው ግራንድ ፒያኖ 88 አለው። ሌሎች ባለ እጆችም ሥራውን አሳደጉት፤ በ1821 ሴባስትያን ኤራር አንዱን ድምፅ ፈጥኖ ለመደጋገም የሚያስችል ብልሃት አወጣ፤ በ1825 አልፊየስ ባብኮክ በቦስተን የብረት ማቀፊያ ሠራ። የዛሬዎቹ አውታሮች በድምሩ ወደ 20 ቶን የሚደርስ ኃይል ስለሚስቡ እንጨት ብቻውን አይችላቸውም ነበር።

ለኢየሩሳሌም ገዳም ሕይወታቸውን ሰጥተው በ2023 ያረፉት የእኛው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በፒያኖ ያሰሙት ዜማ ዓለምን ያስደነቀው፥ ያ ጣት የሚታዘዘው መዶሻ ስለ ነበረ ጭምር ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፥ በአገራችን አንጥረኛና ሸማኔ፥ ሸክላ ሠሪና ፋቂ ሲናቁ ብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ዛሬም የእጅ ሥራ ለመማር የሚያፍር ወጣት፥ ልጁንም የሚከለክል ወላጅ አይታጣም። በዚህ ንቀት ሳቢያ ስንት ብልሃት ሳይወለድ እንደ ቀረ ማን ይቈጥረዋል? የክሪስቶፎሪን ልዑል ዛሬ የምናስታውሰው በባለ እጁ ምክንያት ነው። እንግዲህ እኛም እጁ የሚያስብለትን ሰው እናክብር፤ የሚቻለንም ከእነርሱ እንደ አንዱ ለመሆን አንፈር።