ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት ያዩ ሐኪም፤ ሄንሪ ኮፕሊክ

ስለ ኩፍኝ የተማረ የሕክምና ባለሙያ ሁሉ የኮፕሊክን ስም ያውቃል፤ የሰውየውን ታሪክ የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው። ሄንሪ ኮፕሊክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በ1881 በኮሎምቢያ የሕክምና ትምህርታቸውን ከፈጸሙና በበርሊን፣ በቪየናና በፕራግ ዕውቀታቸውን ካዳበሩ በኋላ፣ ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመልሰው ራሳቸውን ለሕፃናት ሕክምና ሰጡ።

በዚያን ዘመን በከተማይቱ የታችኛው ምሥራቅ ክፍል ከባሕር ማዶ የመጡ ድኾች በጠባብ ክፍሎች ተፋፍገው ይኖሩ ነበር። የተበከለ ወተትም በበጋ ወራት ጨቅላ ሕፃናትን በተቅማጥ ይፈጅ ነበር። ኮፕሊክ በ1889 በሙቀት ከጀርም የጸዳ ወተት ለችግረኛ ሕፃናት የሚታደልበትን ጣቢያ አቋቋሙ፤ ይህም በአሜሪካ ለዚህ ተግባር ፈር ከቀደዱት አንዱ ነው።

በዚያው መፋፈግ ውስጥ ኩፍኝም ይዛመት ነበር። የዚህ በሽታ ክፋቱ፣ በትንፋሽ የሚተላለፍና ሽፍታው ሊወጣ አራት ቀን ያህል ሲቀረው ጀምሮ የሚጋባ መሆኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታዩት ትኩሳት፣ ሳል፣ ንፍጥና የዓይን መቅላት ስለሆኑ ከጉንፋን መለየቱ ያስቸግራል። ሽፍታው እስኪጠበቅ ድረስም ሕፃኑ በክፍሉ አብረውት የተኙትን አስይዞ ይቆያል።

ኮፕሊክ በ1896 ባሳተሙት ጽሑፍ ለዚህ ችግር መላ አመለከቱ። የሕፃኑ ጉንጭ በውስጥ በኩል በደማቅ የቀን ብርሃን ሲመረመር፣ መካከላቸው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነጥብ ያለባቸው ጥቃቅን ቀያይ ምልክቶች እንደሚታዩና እነዚህም የኩፍኝ መለያ እንደሆኑ አስረዱ። ምልክቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከሽፍታው አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድመው የሚታዩ በመሆናቸው፣ ሕፃኑን በጊዜ ለይቶ ለማስተኛት ዕድል ይሰጣሉ።

ነጥቦቹን ቀድመው ያዩ ሌሎችም እንደነበሩ መዘንጋት አይገባም፤ ሩሲያዊው ሐኪም ፊላቶቭ በ1895 ጽፈውባቸዋል። የኮፕሊክ ድርሻ የምልክቱን ጥቅም አጥርተው ማስረዳታቸውና ሐኪሞች በየዕለት ሥራቸው እንዲገለገሉበት ማድረጋቸው ነው። በማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን ሕፃናትን ካከሙና በ1902 የሕፃናት በሽታዎችን መማሪያ መጽሐፍ ካሳተሙ በኋላ በ1927 ዐረፉ። የኩፍኝ ቫይረስ የተለየውም ሆነ ክትባቱ በ1963 ለአገልግሎት የበቃው እርሳቸው ካለፉ በኋላ ነው።

ክትባት ባለበት በዛሬው ዘመንም ኩፍኝ ከአገራችን አልጠፋም። በጠቆረ ቆዳ ላይ ሽፍታውን ማየት አስቸጋሪ ሊሆን ስለሚችል የአፍ ምርመራ ለእኛ ይበልጥ ይጠቅማል። እርግጥ ነጥቦቹ በሁሉም ሕሙማን ላይ አይታዩም፤ አለመታየታቸውም ኩፍኝ የለም አያሰኝም። ቢሆንም ትኩሳትና ሳል ይዞት የመጣን ሕፃን ከሌሎች ጋር ከማስቀመጥ በፊት ወደ ብርሃን አቅርቦ ጉንጩን በውስጥ በኩል መመልከት፣ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ የብዙዎችን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።