ዊልያም ኮልማን፦ ከኪራይ መብራት እስከ በረዶ ሳጥን

ምግብና መጠጥ በጉዞ ላይ አቀዝቅዘው የሚያቆዩ ሳጥኖችን በማምረት የሚታወቀው የአሜሪካው ኮልማን ኩባንያ ሥራውን የጀመረው በመብራት ነበር። የኩባንያው መሥራች ዊልያም ኮፊን ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1870 በኒውዮርክ ግዛት ተወልደው በካንሳስ አደጉ።

የሕግ ተማሪ በነበሩበት ወቅት የጽሕፈት መኪና እየዞሩ ይሸጡ የነበሩት ሚስተር ኮልማን፣ በአላባማ ግዛት በምትገኝ አንዲት ከተማ በአንድ ሱቅ መስኮት ያዩት ደማቅ መብራት የሕይወታቸውን አቅጣጫ ለወጠው። መብራቱ በግፊት ወደ ጋዝነት በተለወጠ ቤንዚን የሚሠራና በአገራችን ማሾ እየተባለ ከሚጠራው ጋር በአሠራሩ የሚቀራረብ ነበር። የዓይናቸው ብርሃን ደካማ የነበረው ወጣት በዚያ መብራት ያለችግር ማንበብ በመቻላቸው ሽያጩን ለመያዝ ወሰኑ።

እ.ኤ.አ. በ1900 በኦክላሆማ ወደምትገኘው ኪንግፊሸር ቢያመሩም የገዛቸው ሰው ጥቂት ነበር። ከእርሳቸው ቀደም ብሎ የመጣ ሌላ ሻጭ በጥላሸት እየተደፈነ የሚጠፋ መብራት ሸጦ በመሄዱ የከተማዋ ነጋዴዎች እምነት አጥተው ነበር። ሚስተር ኮልማንም መብራቱን መሸጥ ትተው ማከራየት ጀመሩ። ጥገናውን ራሳቸው ሲይዙ፣ መብራቱ ካልሠራ ተከራዩ እንዳይከፍል ተስማሙ። ኪሣራው ከተገልጋዩ ወደ አቅራቢው በመዞሩ ገበያው ተከፈተላቸው።

ከዚያም ወደ ዊቺታ ተዛውረው የመብራቱን የባለቤትነት መብት በመግዛት አሻሻሉት። እ.ኤ.አ. በ1905 በከተማዋ በምሽት የተካሄደ የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ በእርሳቸው መብራቶች ደመቀ። እ.ኤ.አ. በ1914 በእጅ የሚያዝ ፋኖስ ለገበያ ያቀረቡ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1923 የዊቺታ ከንቲባ ሆነው አገልግለዋል።

በ1930ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ኤሌክትሪክን ወደ ገጠር ማስፋፋቱ የኩባንያውን ዋነኛ ገበያ አደጋ ላይ ጣለው። ሚስተር ኮልማን በቤት ማሞቂያዎችና በጉዞ ምድጃዎች ላይ በማተኮር ድርጅቱን ከውድቀት አዳኑት። እ.ኤ.አ. በ1942 የአገሪቱ ጦር ለወታደሮች የሚሆን አነስተኛ ምድጃ እንዲሠራለት ባዘዘ ጊዜም ኩባንያው ምድጃውን በአጭር ጊዜ ውስጥ አቀረበ።

ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካውያን ቤተሰቦች በመኪና ለሽርሽር መውጣት ሲያዘወትሩ፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1954 ከብረት የተሠራ የበረዶ ሳጥን ይዞ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ የሳጥኑን ውስጠኛ ክፍል በማይዝግ ፕላስቲክ የሚሸፍንበትን የአመራረት ዘዴ ሥራ ላይ አዋለ።

ሚስተር ኮልማን በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በፈረንጆች አቆጣጠር በ87 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ኩባንያውን ልጃቸው ሼልደን ኮልማን የመሩት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ከቤተሰቡ እጅ ወጥቶ ተሽጧል። መሥራቹ በኪንግፊሸር የጀመሩት፣ ላልተሰጠ አገልግሎት ክፍያ ያለመጠየቅ አሠራር ግን የተገልጋይን እምነት መልሶ ለመገንባት ለሚሻ ሁሉ አርአያ የሚሆን ነው።