ለክረምት ሥራ የተቀጠረው የ17 ዓመት ልጅ

ሥራው የክረምት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ኦስትሪያ ውስጥ ሳንክት አንቶን በምትባል ትንሽ የተራራ መንደር የሚገኝ ሆቴል ፖስት የተባለ ሆቴል፣ እንግዶቹን በረዶ ላይ መንሸራተት የሚያስተምርለት ሰው ፈለገ። የሆቴሉ ባለቤት ካርል ሹለር የቀጠረው ገና 17 ዓመት የሆነውን ሃነስ ሽናይደርን ነበር። ክረምት ስንል እንደኛ ዝናቡን ማለታችን አይደለም፤ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለውን የአውሮፓ ብርድ ነው።

ልጁ ከዚያው አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 የተወለደው በአርልበርግ ተራራ ማለፊያ ሥር ባለችው ስቱበን በምትባል ጥቂት ቤቶች ያሏት መንደር ሲሆን፣ አባቱ የተራራውን መንገድ የሚጠብቅ ሠራተኛ ነበር። ቪክቶር ዞም የሚባል ሰው ከከተማ መጥቶ በሁለት ረጃጅም ሳንቃዎች ቁልቁል ሲንሸራተት አይቶ ልቡ ተሰረቀ። ሀሁውን ያስቆጠረውም ይኸው ሰው ነው።

ያኔ ስኪ ከኖርዌይ የመጣ ነገር ነበር። ተንሸራታቹ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ አንዱን ጉልበት አጥፎ ይታጠፋል። ይሄ ለኖርዌይ ለስላሳ ኮረብታ ይመቻል፤ ለአልፕስ ገደላማ ቁልቁለት ግን አያዋጣም። ሽናይደር በየቀኑ እንግዶቹ ሲወድቁ እያየ የራሱን መላ ፈለገ። ጉልበት ሸብረክ፣ ሰውነት ወደ ፊት ዘንበል፣ የስኪው ጅራት ወደ ውጭ ገፋ ተደርጎ ፍጥነቱ ይያዛል። ይህ ዘዴ በኋላ የአርልበርግ ስልት ተብሎ ዓለምን አዳረሰ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ለኦስትሪያ ወታደሮች ስኪ አስተማረ፣ በጣሊያን ግንባር ተራሮች ላይም ተዋጋ። ከጦርነቱ ሲመለስ ትልቁን ሥራውን ጀመረ። ያኔ እያንዳንዱ አስተማሪ በመሰለው መንገድ ነበር የሚያስተምረው። እሱ ግን ተማሪዎቹን እንደ ችሎታቸው በክፍል ከፋፈለ። ጀማሪው ከጀማሪ ጋር ይማራል፣ የቻለ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል። አስተማሪዎቹም ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር እንዲያስተምሩ አደረገ። ዛሬ የትም አገር የስኪ ትምህርት ቤት ብትሄዱ የምታገኙት ይህንኑ ነው።

በዚህ ላይ አርኖልድ ፋንክ ከሚባል ዳይሬክተር ጋር ፊልሞች ሠራ። በክረምት ጭር ትል የነበረችው ሳንክት አንቶን እንግዳ በእንግዳ ሆነች። ለዚህ ሽናይደር ብቻውን አልበቃም፤ ከጎኑ ሩዶልፍ ጎምፐርትስ የሚባል የቪየና ተወላጅ መሐንዲስ ነበር። አንዱ በረዶው ላይ ያስተምራል፣ ሌላው የመንደሩን ቱሪዝም ያደራጃል። ሽናይደር እ.ኤ.አ. በ1930 ጃፓን ድረስ ተጋብዞ አስተማረ፤ በ1936 ደግሞ አሜሪካ ሄዶ ቦስተንና ኒው ዮርክ አዳራሽ ውስጥ ትርዒት አሳየ።

ከዚያ መጋቢት 1938 መጣ። የሂትለር ጦር ኦስትሪያ ሲገባ ሽናይደር ወዲያው ከታሰሩት አንዱ ሆነ። ናዚዎችን እንደሚጠላ አገር ያውቃል፤ ከአይሁድ ወዳጆቹም አልራቀም። ላንዴክ ከተማ ወህኒ ወረደ፣ በኋላም ጀርመን ውስጥ ጋርሚሽ በቁም እስር ቆየ። ከ30 ዓመት በላይ የገነባው ትምህርት ቤት ከእጁ ወጣ።

ያዳነው አንድ የባንክ ሰው ነው። ሃርቪ ጊብሰን የኒው ዮርክ ትልቅ ባንክ ፕሬዚዳንት ሲሆን፣ የትውልድ መንደሩ ኒው ሃምፕሸር ግዛት ያለችው ኖርዝ ኮንዌይ ናት። እዚያ ክራንሞር የሚባል ትንሽ የስኪ ተራራ ነበረው፤ የሽናይደር ተማሪ የነበረ አስተማሪም ቀድሞ እዚያ ይሠራ ነበር። ጀርመን ለአሜሪካ ባንኮች ዕዳ ስለነበረባት ጊብሰን የሚሰማ ቃል ነበረው። ተደራደረ፣ አስፈታው።

እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን 1939 ሽናይደር ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ኖርዝ ኮንዌይ ከባቡር ወረደ። የመንደሩ ሰው የስኪ ዘንጎችን ከፍ አድርጎ እንደ ቅስት አቆላልፎ ጠበቀው፤ ቤተሰቡም በሥሩ አለፈ። 48 ዓመቱ ነበር፤ ሥራውን እንደገና ከትንሽ ተራራ ሊጀምር ነው።

ክራንሞር ከአርልበርግ ጋር ሲነጻጸር ጉብታ ነው። ሽናይደር ግን አልናቀውም። ተዳፋቱ ከዛፍና ከጉቶ እየጸዳ ሰፋ፤ ከቦስተን በበረዶ ባቡር የሚመጡ ተራ ሠራተኞችም ቅዳሜና እሁድ በእሱ ትምህርት ቤት ተማሩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ልጁ ኸርበርት ከአሜሪካ 10ኛ የተራራ ክፍለ ጦር ጋር ጣሊያን ዘመተ። አባት ለኦስትሪያ በተዋጋበት አገር፣ ልጅ ለአሜሪካ ተዋጋ ማለት ነው።

ሽናይደር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1955 እዚያው ኖርዝ ኮንዌይ አረፈ። ትምህርት ቤቱን ኸርበርት ተረከበ፤ በክራንሞር ዛሬም በየዓመቱ በስሙ ውድድር ይደረጋል።

ጎምፐርትስስ? የዘር ሐረጉ ከአይሁድ ስለሆነ ናዚዎች አልለቀቁትም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1942 ከቪየና ተጭኖ ሚንስክ አጠገብ ማሊ ትሮስቲኔትስ በተባለ ቦታ ተገደለ። ሁለቱም አንዲትን ድሃ መንደር ከክረምት ጭርታ አውጥተዋል፤ ሁለቱም በዚያች መንደር ፊት ተገፍተዋል። ለአንዱ ባሕር ማዶ የሚፈልገው ተራራና የሚሟገትለት ባለባንክ ተገኘ፣ ለሌላው ማንም አልደረሰለትም። የሽናይደርን ስም ስታነሡ የጎምፐርትስንም አብራችሁ አንሡ።